«ካፊያ»ን ያልሰሙት ሰዎች አስተያየት

ሐምሌ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

ዛሬ «ካፊያ» ተጠናቀቀ። ዘጠኝ ዘፈን፣ አርባ አንድ ደቂቃ።

የመጀመሪያው አልበማችን «ነጎድጓድ» ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ያኔ የደብረ ታቦር ሰው ልምምዳችንን በሰማ ቁጥር ሰፈሩ ውስጥ አዲስ ወፍጮ የተተከለ ይመስለው ነበር። አሁን ለስለስ ብለናል። ዳኛቸው የጊታሩን ጩኸት ቀንሷል። ቤዛዊት መጮህ ትታ መዝፈን ጀምራለች። ቤዝ ጊታር የሚመታው ጥላዬ ደግሞ ጅራፍ አምጥቷል። እውነተኛ ጅራፍ ነው፤ ጋፋት ሜዳ ላይ ወጥተን እሱ ሲያጮኸው ቀዳነው፣ ዳኛቸውም በኮምፒውተሩ ለክቶ ሦስተኛው ዘፈን ውስጥ አስገባው። የእኔ ድራም እንደ ድሮው ነው። የሠራ ነገር አይነካም።

ዛሬውኑ ዘፈን የሚያሠራጭልንን የፈረንጅ ድርጅት ቅጽ ሞላሁ። ሌሎቹ ነገ ተረጋግተን እንሙላው አሉ፤ ነገ ኔትወርክ ባይኖርስ? የሚወጣበትን ቀን በእነሱ አቆጣጠር ጻፍ ይላል። የእኛ ቀን የታወቀ ነው፤ ነሐሴ 16፣ ፍልሰታ የሚፈታ ዕለት። ቤዛዊት ለአባቷ ለመሪጌታ ገብረየሱስ ቃል ሰጥታለች። መሪጌታ ዘፈን ምን ጊዜም አይወዱም፤ ለልጃቸው ሲሉ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፣ በጾም ድምፅሽ እንዳይሰማ። ይህን ያህል ችለው ለተሸነፉ አባት ይህ ትንሽ ነገር ነው።

ቀኑን በጭንቅላቴ አሰላሁት። አሥራ አምስት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ለስድስት ቀን ልዩነት ስልክ አያወጣም።

ሐምሌ 26

ልምምድ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ እንደገና ተጨቃጨቅን። ጅራፉ ግማሽ ምት ይዘገያል። ጥላዬ ጅራፌ አይዘገይም ይላል። ዳኛቸው በኮምፒውተር ለክቼ ያስገባሁት ነው ይላል። ኮምፒውተሩ አሮጌ መሆኑን አስታወስኩት። ቤዛዊት «ቲቸር፣ ምናልባት…» ብላ ጀምራ ተወችው። ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምራትም ጥያቄ ጀምራ የመተው ልማድ ነበራት።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። እማዬ ሬዲዮኑን በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። ከተማው ጸጥ ብሏል፤ ሻይ ቤቱም መዝሙር ነው የሚያሰማው። ጥሩ ነው። አሥራ አምስት ቀን ሙዚቃ የተራበ ጆሮ በ16 «ካፊያ»ን ያገኛል። ይህን ቀን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ራሴን ማመስገን ባልወድም መጻፍ አለበት።

ነሐሴ 4፣ ጠዋት

ጥላዬ ደወለ። ወጥቷል። «ካፊያ» ወጥቷል።

አይሆንም አልኩት። በሚነዳው ባጃጅ ውስጥ ከፍቶ በስልኩ አሰማኝ።

ቅጹን አየሁ። 10 ኦገስት ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት።

16 ሲደመር 6፣ 22። እኔ ቀንሼዋለሁ።

ቀንሼዋለሁ።

ነሐሴ 4፣ ማታ

አሁን ረጋ ብዬ ልጻፈው።

በአራት ሰዓት ሁላችንም ዳኛቸው ሱቅ ተሰበሰብን። ስልክና ሬዲዮ የሚጠግንበት ሱቅ ነው፤ ከኋላው ባለችው ክፍል እንለማመዳለን። ቤዛዊት ከቅዳሴ በፊት ሮጣ መጣች። ማን እንዳወጣው ጠየቀች። ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ አፌ ግን «ድርጅቱ ነው፣ ፈረንጆቹ አሳስተውታል» አለ። እንዴት እንዳለው እኔም አላውቅም። ከዚያ ዳኛቸው ፈረንጆቹን ሰደበ፣ ጥላዬም ሰደበ፤ እኔም ብቻዬን ዝም ማለት ስላልቻልኩ ትንሽ ሰደብኩ።

እንዲያነሱት ጻፍኩላቸው። ጥያቄዎ ደርሶናል፣ በአሥራ አራት የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ያገኛሉ ብለው መለሱ። አሥራ አራት የሥራ ቀን ማለት ነሐሴ 24 ነው፤ ጾሙ ከተፈታ ከሳምንት በኋላ። ይህንን ደግሜ ደጋግሜ፣ በስልክም ጭምር አስልቼዋለሁ።

ነገ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

ነሐሴ 5

አልነገርኳቸውም። ዝናብ ነበር።

ጸጉር አስተካካዩ ሙላቴ መቀሱን ጆሮዬ ላይ እንደያዘ «ጾም ስለሆነ አልሰማሁትም» አለኝ። «ግን አምስተኛው ዘፈን ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይደክማል።» ካልሰማኸው እንዴት አወቅክ ብዬ ብጠይቀው፣ ከጎረቤት ግድግዳ አልፎ መጣ አለ። ግድግዳው የጭቃ ነው፣ ያስተላልፋል። ስለ ድራሙም የሆነ ነገር ሲል ነበር፤ መቀሱ ስለሚጮህ አልሰማሁትም።

ነሐሴ 7

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። መውጣት አልነበረብኝም።

ጾመኛው ከተማ «ካፊያ»ን አልሰማም፤ አንድም ሰው አልሰማም። ሁሉም ግን አስተያየት አለው። የ«ነጎድጓድ» ወዳጆች ባንዱ ሞተ ይላሉ፤ እንደ ሙሽራ ቤት ለስልሰዋል፣ ጊታሩን ማን ቀማቸው ይላሉ። የ«ነጎድጓድ» ጠላቶች ደግሞ አሁን ገና ሰው ሆኑ፣ የቤዛዊት ድምፅ እስከ ዛሬ የት ተደብቆ ነበር ይላሉ። ሽንኩርት የምትሸጠው ዘነበች ሰባተኛውን ዘፈን ሳትሰማ አልቅሳበታለች። የሥነ ጥበብ መምህሩ፣ የእኔው የሥራ ባልደረባ፣ ይህ ሮክም አይደለም ባህልም አይደለም፣ መሐል መንገድ ላይ የቆመ ነገር ነው አለኝ። እሱም አልሰማውም። ከእብናት እህል ጭኖ የመጣ ሾፌር ደግሞ ቁልቁለቱን ሙሉ እየደጋገመ እንዳልሰማው ነገረኝ፤ ሦስተኛውን አሥራ አንድ ጊዜ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ይስማማሉ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የሆነ ነገር አይገጥምም። ጅራፉን ማለታቸው ነው።

ቴሌግራም ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት አስተያየት ደርሷል። የሰው ወሬ አያሳስበኝም። ሁሉንም ያነበብኩት ለሥራው ስል ነው። «የጉና ውርጭ» የሚል አንድ ሰው «ድራመሩ የሚሮጥለት ቀጠሮ አለው እንዴ?» ብሎ ጽፏል። ዘጠና ሰው ስቋል። ለእንዲህ ያለ ሰው መልስ አይሰጥም።

ነሐሴ 8

«የጥበብ ወዳጅ» የሚል አካውንት ከፍቼ መልስ ሰጠሁት። በጨዋ ቋንቋ። አልበሙ ሚዛናዊ መሆኑን፣ በተለይም ድራሙ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ መሆኑን ጻፍኩ።

ልምምድ ላይ፣ በጾም ቤዛዊት ሳትዘፍን ነው የምንለማመደው፣ ጥላዬ እየሳቀ ለሁሉም አነበበው። አንተ፣ ይኼ ሰው ከዘጠኝ ዘፈን ድራሙን ብቻ ነው የሰማው፣ እናትህ ስልክ ገዙ እንዴ አለኝ። ዳኛቸው ወንበር ላይ ተንከባለለ።

ቤዛዊት አልሳቀችም። ስትመጣም ዓይኗ አብጦ ነበር። መሪጌታ አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። የእሳቸው ዓይን ከደከመ ወዲህ በየማታው ከቅዳሴ መልስ ተአምረ ማርያምን የምታነብላቸው እሷ ናት፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በቃላቸው የሚያውቁትን መጽሐፍ፣ ከእሷ አፍ መስማት ስለሚወዱ። ከነሐሴ 4 ወዲህ ከተማሪዎቻቸው አንዱን እየጠሩ ያስነብባሉ። እሷ ፈረንጆቹ ናቸው ያሳሳቱት ብላ አስረድታለች። አባቷ የመለሱላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቃል የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ፤ ፈረንጁ አይደለም።»

አባቷ ካላመኗት በ16 በከተማው አዳራሽ አልበሙን ስናስመርቅ መድረክ አትወጣም። ባንዱንም ትተዋለች። ይህን የተናገረችው ሳታለቅስ ነው፤ ስለዚህ እውነቷን ነው።

ያኔ ልናገር ነበር። ዳኛቸው ቀደመኝና መፍትሔ አመጣ። ድርጅቱ ይቅርታ የጠየቀበት ደብዳቤ አይጠፋም፣ ቲቸር ወደ አማርኛ ይተርጉመውና ለመሪጌታ ያንብብላቸው አለ። ቤዛዊት በተስፋ አየችኝ። «ደብዳቤ ልከውልሃል አይደል፣ ቲቸር?»

ልከውልኛል አልኳት።

ነሐሴ 10

የፈረንጁን ደብዳቤ ስጽፍ ዋልኩ።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይጀምራል፤ «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ጉዳዩ፦ ይቅርታ መጠየቅን ይመለከታል።» የወረዳ ደብዳቤ ሆነ። ቀደድኩት። በሁለተኛው ፈረንጁ «በእመቤታችን ጾም እንዲህ ያለ ድፍረት በመፈጸማችን ዕንባችን አልቆመም» አለ። ይህም በዛ። ሦስተኛው ይሻላል። ሥራ አስኪያጁን ሚስተር ጆንሰን አልኩት፤ በግራ እጄ ፈረምኩለት። ፊርማው ከእኔ ያምራል።

በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሲኮርጁ ያገኘኋቸውን ተማሪዎች በሙሉ አስታወስኩ። ወላጅ አምጡ ያልኳቸውንም።

ነሐሴ 11

እማዬ ስበላ እያየችኝ ከስተሃል አለች። ጾም ነው አልኳት። በጾም ወፍረህ ነው የምታውቀው አለች። ከዚያ ሽሮዬን እየጨመረችልኝ «አልሰማሁትም እንጂ» ብላ ጀመረች። እማዬ ተዪኝ አልኩ። እሺ ብላ ተወችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ግን «ልጅ ሆነህም ከእኔ ቀድመህ ነበር ቤተ ክርስቲያን የምትደርሰው፤ ደርሰህ ግን በሩ ዝግ ነበር» አለች። ከምን ጋር እንደተገናኘ አልገባኝም።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

ቀኑን ሙሉ ከተማው ጅራፍ ነው። ከሰፈራችን በላይ ባለው ሜዳ ላይ አራት ጎረምሶች ፊት ለፊት ቆመው እየተቀባበሉ ያጮሁ ነበር፤ አንዱ ሲያነሳ አንዱ ያወርዳል። ኮምፒውተር የለም፣ የሚቆጥር የለም፣ ግን ዝንፍ አይልም። መስኮት ላይ ቆሜ በጣቴ መታሁላቸው።

ቀደምኳቸው።

እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ቀደምኳቸው። ምናልባት ሜዳው ሩቅ ስለሆነ ድምፁ እስኪደርስ ይዘገይ ይሆናል። ጋቢዬን ደርቤ ሜዳው ድረስ ወጣሁ። አጠገባቸው ቆሜ በእግሬ መታሁ። አንደኛው ጎረምሳ ተማሪዬ ነው፤ ጅራፉን አቁሞ «ቲቸር ቸኩለዋል? ይለፉ» ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ።

ሌላ ነገር ልጻፍ። ሙልሙል በላሁ። ነገ ደብዳቤውን ይዤ ወደ መሪጌታ እሄዳለሁ።

ነሐሴ 14

ይህን ሁሉ መጻፍ አለብኝ፤ ብዙ ነው።

ከቅዳሴ መልስ ሄድኩ። መሪጌታ መደብ ላይ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው ተቀምጠዋል። ጉልበት ስሜ ተቀመጥኩና የኔታ፣ ይህ ከፈረንጆቹ የመጣ ነው ብዬ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ እንደገና አስነበቡኝ።

«ፈረንጁ ጨዋ ነው» አሉ። «የእኛን አገር ደብዳቤ አጻጻፍም ያውቃል።»

ትርጉሙ የእኔ ስለሆነ ነው አልኳቸው።

ቀጥለው በእነሱ አቆጣጠር መውጣት የነበረበት መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ኦገስት ሃያ ሁለት አልኩ። የወጣውስ? ኦገስት አሥር። ይህን ስናገር ማንን እያነጋገርኩ እንደሆነ ረስቼ ነበር። መሪጌታ ገብረየሱስ አርባ ዓመት ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ጾሙ መቼ ይገባል፣ በዓሉ መቼ ይውላል ብሎ የሚመጣባቸው ካህን ሁሉ መልሱን ሳይቀመጥ ይዞ ይሄዳል። በጣቶቻቸው አንጓ ላይ አውራ ጣታቸውን ሁለት ጊዜ አስኬዱ።

«አሥራ ስድስት ላይ ስድስት ቢጨመር ሃያ ሁለት» አሉ። «ከአሥራ ስድስት ላይ ስድስት ቢነሳ አሥር።»

ደብዳቤውን አጣጠፍኩት።

«ይህ ፈረንጅ የሚያውቀው ሃያ ሁለትን ነው። የእኛን አሥራ ስድስት ከየት አምጥቶ ይቀንስለታል?» አሉ። «መቀነስ የሚችለው ከአሥራ ስድስት የተነሳ ሰው ነው።»

በተማሪ ቤቴ ሰሌዳ ላይ እንኳ እንዲህ ያጠረና የጠራ ማረጋገጫ ጽፌ አላውቅም። ከመደቡ ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ነኝ የኔታ አልኩ። ቀኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ፈረንጆቹ አንዳች አላጠፉም፣ ሚስተር ጆንሰን የሚባል ሰው የለም፣ ቤዛዊት ቃሏን ጠብቃለች፣ እኔ አፍሬ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ስድስት ቀን መደመር እንዳቃተኝ እንዳይታወቅ ብዬ ነው።

ቤዛዊት ውኃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከየትኛው ላይ እንደሰማች አላውቅም። ብርጭቆውን አጠገቤ አስቀመጠች።

«አሥር ቀን ሙሉ» አለችኝ፣ «በሌላ ሰው አፍ ሲነበብላቸው ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ፣ ቲቸር።»

ይቅርታ አልኩ። ወደ ጓዳ ገባች። ልክ ናት። አባቷ ፊታቸውን ወደ ጓዳው አዞሩ። ከዚያ ስሟን ጠሩ። መጽሐፉ መስኮቱ ላይ ነው፣ ትናንት የቆመበትን ልጁ ምልክት አድርጎበታል፣ ከዚያ ጀምሪልኝ አሏት።

ልነሳ ስል መቋሚያቸውን እግሬ ላይ አደረጉ።

«ጾም ስለሆነ አልሰማሁትም» አሉ። «ግን ባጃጁ ሁሉ ሲያጮኸው ጆሮዬን የት ላድርሰው? ልጄ ድምፅዋን አላበላሸችም። ጅራፉም ልክ ነው። ከበሮው ግን ወዴት ነው የሚሮጠው?»

አዲስ ነገር አልነገሩኝም። ሙላቴ ብሎኛል፣ ሾፌሩ ብሎኛል፣ የጉና ውርጭ ብሎኛል፣ እማዬ በራሷ መንገድ ብላኛለች። ይህን ደብተር ዛሬ ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት፤ ሁሉም ብሎኛል።

መቋሚያውን መሬት ላይ መታ፣ መታ አደረጉና በጉልበቴ እንድከተል አዘዙኝ። አራት ቁጠር አሉኝ። ሁለት ጊዜ ቀደምኳቸው። ሦስተኛ ጊዜም ቀደምኳቸው። «ስድስት ሲቆጠር ያልጠበቀ፣ አራት ሲቆጠር እንዴት ይጠብቃል» አሉ፤ ልጃቸው ከመጽሐፉ ጀርባ ስትስቅ ሰማኋት። እሷ ስታነብ እኔ ከመደቡ ሥር ስቆጥር መሸ።

ነሐሴ 15

ለዳኛቸውና ለጥላዬ ነገርኳቸው። ዳኛቸው ለፈረንጆቹ አዘነ፤ ያን ሁሉ ስድብ በከንቱ ተቀበሉ አለ። ጥላዬ ጅራፉን ከምስማሩ ላይ አውርዶ ፊቴ ዘረጋው። ይቅርታ ጠይቀው አለኝ። ጠየቅኩት።

ከቤዛዊት መልእክት መጣ። «ልምምድ ነገ በዘጠኝ ሰዓት። እንዳትቀድመን።»

ትመጣለች ማለት ነው።

ነሐሴ 16

ጾም ተፈታ። እማዬ ሬዲዮኑን ከነጠላው አወጣች።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በረንዳው ላይ ዝናብ እየመታው ቆመ። የ«ነጎድጓድ» ወዳጆች በግራ፣ የ«ካፊያ» ወዳጆች በቀኝ ነበሩ። ማንም አላዘዛቸውም። ሙላቴ ከሁለቱም መሐል ቆሞ ለሁለቱም ያስረዳ ነበር።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስንደርስ ቤዛዊት ዞር ብላ አየችኝና አራት ጣቷን አሳየችኝ። ዱላዎቹን አጋጨሁ። አንድ። የመቋሚያውን ድምፅ አሰብኩ። ሁለት። ለመሮጥ ያሰበውን እጄን ያዝኩት። ሦስት። እንዲህ ረጅም ቁጥር በሕይወቴ ቆጥሬ አላውቅም። አራት።

ጅራፉ ከዳኛቸው አሮጌ ኮምፒውተር መጣ። ከእኔ ጋር እኩል መጣ።

ዘግይቶ አያውቅም ነበር።

ነሐሴ 17

አሁን ሁሉም ሰምቶታል፤ ስለዚህ ጠቡ ብሷል። ሙላቴ አምስተኛው ዘፈን አሁንም ይደክማል ይላል። ዘነበችን ሰባተኛው ዘፈን ስትሰማው፣ ሳትሰማው እንዳስለቀሳት አላስለቀሳትም። የሥነ ጥበብ መምህሩ መድረክ ላይ ደግሞ ሮክ ብቻ ሆነብኝ አለ። የእብናቱ ሾፌር «ነጎድጓድ»ን መልሱልን ብሎ የድምፅ መልእክት ልኳል። እማዬ ከፊት ወንበር ሰምታ ስትመለስ፣ በጾሙ ጊዜ ይሻል ነበር አለች። የጉና ውርጭ ደግሞ ስለ ቤዛዊት ቀሚስ፣ ስለ ጊታሩ፣ ስለ አዳራሹ ጣሪያ፣ ስለ ዝናቡም ሳይቀር ጽፏል። ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

ስለ ድራሙ ማንም አንዲት ቃል አልተናገረም። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።